ስለ ጉሬዛ ኑሮና ጠባይ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ ስለሚኖሩት ጉሬዛዎች ለየመንደሩ ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር።



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ከሐዋሳ ከተማ ይደርሳል። ከተማው የተቈረቈረው በ1952 ዓመተ ምሕረት ሲሆን ከ2012 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ነው። በምዕራቡ በኩል 90 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ተኝቷል፤ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ አይታይም። በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ ዓሣ አጥማጆች በማለዳ ታንኳቸውን እያስጠጉ ዓሣቸውን ያወርዳሉ። አባ ኮዳዎችም አንገታቸውን በትከሻቸው መካከል ቀብረው፤ ፍርድ ለመስጠት እንደ ተሰበሰቡ ዳኞች በዝምታ ቆመው፤ የሚጣለውን የዓሣ ትርፍ ይጠባበቃሉ። እንግዳ ሰው ዓይኑን በእነርሱ ላይ ስለሚተክል ከራሱ በላይ ያለውን ሳያይ ይመለሳል። ከራሱ በላይ ግን በሾላውና በዋርካው ቅርንጫፍ መካከል ረዥም ነጭ ጅራት እንደ መጋረጃ ዘርፍ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ይህ ንግግር የሚናገረው ስለዚህ ጅራት ባለቤት ነው።

ጉሬዛ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን የሆነ የዛፍ ላይ እንስሳ ነው። ገላው እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ፊቱን ነጭ ጠጕር እንደ ሻሽ ይከበዋል፤ ከትከሻው ጀምሮ በጐኑና በወገቡ ዙሪያ ረዥም ነጭ ጠጕር እንደ ካባ ይወርዳል፤ የጅራቱም ጫፍ እንደ ዝንብ መከላከያ ጭራ ነጭና ጐፍላላ ነው። ወንዱ 10 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከእርሱ ታንሳለች። ይህን አለባበስ ያዩ ሰዎች መነኩሴ ነው ይሉታል፤ በጥቁርና በነጭ ተሸፍኖ ከዛፍ ጫፍ በጸጥታ ስለሚቀመጥና የሰው እህል ሲቀላውጥ እምብዛም ስለማይታይ ነው። አባባሉ ለጨዋታ ይሁን እንጂ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ስሙም ከአገራችን ቋንቋ ወጥቶ ዓለምን ዞሯል። ግእዝንና የኢትዮጵያን ነገር ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው የጀርመን ሊቅ፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1681 ዓመት በላቲን ቋንቋ ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ይህን እንስሳ አንሥቶታል። ይሁን እንጂ ሊቁ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም ነበርና፤ የኤውሮጳ ሰዎች የእንስሳውን እውነተኛ መልክ ሳያውቁ ከ150 ዓመት በላይ ቈዩ። ከዚያም የፍራንክፈርት ተወላጅ የሆነው ኤድዋርድ ሩፔል እስከ ጐንደር ዘልቆ አገሩንና አራዊቱን ከተመለከተ በኋላ በ1835 እንስሳውን በሊቃውንት መዝገብ ሲጽፈው ኮሎቡስ ጉሬዛ ብሎ ሰየመው። እስከ ዛሬም በአሜሪካ ይሁን በጃፓን ስለዚህ እንስሳ የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ የአማርኛውን ስም ሳይጽፍ አያልፍም።

የመጀመሪያው ስም፤ ማለት ኮሎቡስ የተባለው፤ የጽርእ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ጐደሎ ወይም ቍራጭ ማለት ነው። ይህም ስም የተሰጠው ለወገኑ ሁሉ አውራ ጣት ስለሌለው ነው፤ በአውራ ጣቱ ቦታ ትንሽ እብጠት ብቻ ትገኛለች። ዳሩ ግን ጐደሎ ያሉት ሰዎች ፍርዱን ቸኩለውታል። አራቱ ረዣዥም ጣቶቹ ተገጣጥመው እንደ ሜንጦ ይታጠፋሉና፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር የሚይዘው በዚህ ነው። በዚያን ጊዜ አውራ ጣት ቢኖረው ይጠቅመው ነበር ወይስ ያሰናክለው ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በኢትዮጵያ ያሉት የዝንጀሮ ወገኖች በምግባቸው ይለያያሉ። ዝንጀሮ በሜዳና በገደል እየዞረ ሥሩንም ፍሬውንም ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ጭላዳ በሰሜን ተራሮች ላይ ተቀምጦ እንደ በግ ሣር ይነጫል። ጦጣ ፍሬ፤ አበባ፤ ነፍሳት፤ የገበሬ በቆሎ፤ የመንገደኛ ስንቅ አይመርጥም። ስለ ዝንጀሮና ስለ ጦጣ በአማርኛ ተረትና ምሳሌ የበዛው፤ ስለ ጉሬዛ ግን የጠበበው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው የሚተርተው ከማሳው የገባበትን ነውና። በባሌና በሲዳማ ደጋ ደግሞ ኑሮው በቀርቀሃ ላይ የሆነ የጦጣ ዓይነት አለ። ሊቃውንት ስሙን ከጃምጃም አገር ወስደው በ1902 ጽፈውታል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን የቀርቀሃው ጫካ በተመነጠረበት ሁሉ ቍጥሩ ይመነምናል። ጉሬዛ ግን ቅጠል በል ነው፤ ነገሩም ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ይህን የኑሮ ዓይነት ለማስረዳት ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ይምጣ። ከአፍሪካ በስተ ምሥራቅ በባሕር መካከል ማዳጋስካር የምትባል ታላቅ ደሴት አለች። በእርስዋ ዝናም በማይለየው ጫካ ሌሙር የሚባሉ የዛፍ ላይ እንስሶች ይኖራሉ፤ ዓይነታቸው ከ100 የሚበልጥ ሲሆን የትውልድ አገራቸው ያች ደሴት ብቻ ናት። ከእነርሱ መካከል ኢንድሪ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ምግቡ ቅጠል ነው፤ ማለዳ ማለዳም ከነቤተ ሰቡ ሆኖ ከሩቅ የሚሰማ ዜማ ያዜማል። ያየው ሁሉ የጉሬዛ ወንድም ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በዘር እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ኢንድሪ ጅራቱ እንኳ ቍንድል ነው። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ዘር ሳይሆን ቅጠል እየበሉ ከዛፍ ላይ መኖር ነው። ኢንድሪን በአጥር ውስጥ አኑሮ ማርባት እስከ ዛሬ አልተቻለም፤ ከጫካው ወጥቶ ሰው ያቀረበለትን ምግብ ሆዱ አይቀበልምና። የጉሬዛ ሆድ እንደዚያ የከፋ አይደለም፤ በአራዊት ማቆያ ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ ጉሬዛዎች አሉ። ሆኖም እርሱም ቢሆን ሆዱ ልዩ ነው።

ቅጠል የድኻ ምግብ ነው። በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን ኃይል የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ጭረቱም ለመፈጨት አስቸጋሪ ነው። ሰው የሾላ ቅጠል ቢበላ በረኃብ ይሞታል። ጉሬዛ ግን ጨጓራው እንደ በሬ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። በሰፊው ክፍል ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን እጅግ በዝተው ይኖራሉ፤ የተበላውን ቅጠል የሚያብላሉት እነርሱ ናቸው። ጠላ በጋን ውስጥ ሲብላላ እንደሚሆነው ሁሉ በጉሬዛ ሆድ ውስጥ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ይብላላል፤ እንስሳውም ከዚያ የወጣውን ይመገባል። ስለዚህ ጉሬዛ ሲበላ የሚመግበው አስቀድሞ በሆዱ ያሉትን እንግዶች ነው።

በዚህ ጊዜ ኦሪትን ያወቀ ሽማግሌ፦ ያመሰኳልን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አያመሰኳም፤ ሰኮናም የለውም። ሆዱ የበሬ ሆኖ እጁ የዝንጀሮ መሆኑ ጠያቂውን ያስደንቀዋል እንጂ ከሚበሉት ወገን አያስቈጥረውም።

የጉሬዛ ጠባይ ሁሉ ከዚህ ሆድ የመጣ ነው። ቅጠል ኃይሉ ጥቂት ነውና ኃይሉን አያባክንም፤ ከቀኑ እኩሌታ የሚበልጠውን ጊዜ ተቀምጦ ያሳልፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሰነፍ ይለዋል። ነገር ግን ተቀምጦ ሳለ ሆዱ በሥራ ላይ ነው። ሩቅ አገርም አይዞርም፤ ለአንድ መንጋ ብዙውን ጊዜ አንድ ጋሻ መሬት እንኳ የማይሞላ ጫካ ይበቃዋል። ይህም በጎም ክፉም ነው። በጎነቱ በትንሽ የዛፍ ደን፤ በአንድ የደብር አፀድ ውስጥ እንኳ መኖር መቻሉ ነው፤ በብዙ አገር ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ጉሬዛ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዛፎች ላይ ነው። ክፋቱ ደግሞ ያች ትንሽ ደን የተቈረጠች ቀን የሚሄድበት ማጣቱ ነው።

ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፤ ካህናት ገና ከማኅሌት ሳይወጡ፤ የመንጋው አውራ ድምፁን ያሰማል። ድምፁ እንደ ወፍ ዝማሬ ሳይሆን ትልቅ የድንጋይ ወፍጮ ሲዞር እንደሚሰማው ያለ ወፍራም ጕርምርምታ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሰማል። አንዱ ሲጀምር የጐረቤቱ መንጋ አውራ ይመልስለታል፤ ከዚያም ሦስተኛው፤ በዚህ ዓይነት ከደን ወደ ደን ይሸጋገራል። ትርጕሙም እዚህ አለሁ፤ ድንበሬን አትለፍ ማለት እንደ ሆነ ያጠኑት ሰዎች ይናገራሉ። በዚህ ዘዴ ብዙ ጠብ ያለ ደም ይቀራል፤ በድንበር ነገር ሸንጎ የተመላለሰ ገበሬ ይህን ቢሰማ ሳይቀና አይቀርም። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ወደ ዛፉ ጫፍ ወጥተው ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይሞቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ይበላሉ፤ በቀትር ያርፋሉ፤ ወደ ማታ እንደ ገና በልተው ቅጠሉ ከበዛበት ዛፍ ላይ ያድራሉ።

መንጋው ብዙውን ጊዜ አንድ አውራ፤ ጥቂት እናቶችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ቍጥራቸውም ከ15 እምብዛም አይበልጥም። ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በተወለደችበት መንጋ ትቀራለች፤ ወንድ ልጅ ሲጐለምስ ወጥቶ ሌላ መንጋ ይፈልጋል። ዕረፍት በሆነ ጊዜ አንዱ የአንዱን ጠጕር እየፈለፈለ ያጸዳለታል፤ ይህም ፍቅራቸው ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግልገሉ ነው። የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ እንደ ጥጥ ፈጽሞ ነጭ ነው፤ ፊቱም ቀላ ያለ ነው። ከእናቱ ጥቁር ደረት ላይ ሲጣበቅ ከሩቅ እንደ መሐረብ ይታያል። የመንጋው ሴቶች ሁሉ ይከቡታል፤ አንዷ ከእናቱ ተቀብላ ታቅፈዋለች፤ ሌላዋ ደግሞ ከእርስዋ ትቀበላለች፤ እናትም በዚያ ጊዜ ትበላለች። የአራስ ጥሪ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ሦስትና አራት ወር ሲሞላው ነጩ ጠጕር ጠፍቶ እንደ ታላላቆቹ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ እንደ ቀድሞው ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም።

ጠላቶቹ ከታች ነብር፤ ከላይ ንስር ናቸው። በዑጋንዳ አገር በቡዶንጎ ጫካ የተመራመሩ ሊቃውንት በ2009 እንዳሳተሙት፤ ጉሬዛ ለሁለቱ ጠላቶች የሚያሰማው ድምፅ አንድ አይደለም። ነብር ሲያይ አስቀድሞ በአፍንጫው ነፍቶ አጠር አጠር ያለ ጩኸት ይጮኻል፤ ንስር ሲያይ ግን ጩኸቱን ሳያቋርጥ ያስረዝማል። የሰሙትም የትኛው ጠላት እንደ መጣ ያውቃሉ።

ጉሬዛ ምድርን ፈጽሞ አይረግጥም የሚል ወሬ በብዙ ስፍራ ይነገራል። ይህ ትክክል አይደለም። ዛፍ ከዛፍ ሲርቅበት ይወርዳል፤ ጨውም ሲያምረው ይወርዳል። ቅጠል ጨው የለሽ ነውና በዑጋንዳ በኪባሌ ጫካ ያሉት ወደ ረግረግ ወርደው የውኃ ውስጥ ተክል ሲበሉ፤ ደግሞም የባሕር ዛፍ ቅርፊት እየላጡ ሲያኝኩ ታይተዋል፤ ከሁለቱም የሚፈልጉት ጨውን ነው። ከብቱን ለአሞሌና ለቦለድ የሚነዳ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ነገር ግን ጉሬዛ በምድር ላይ ሲሄድ ካባው የሚያኮራው ያህል እግሩ አያኮራውም፤ ውሻም መኪናም የሚያገኘው በዚያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አሞራ ገደል መመለስ ይገባል። በዚያ ያሉት ጉሬዛዎች ሰውን ለምደዋል፤ ለጐብኚ ደስታ ነው፤ ችግሩም ከደስታው ውስጥ ነው። አንድ አባት በበዓል ቀን ልጁን ይዞ ይመጣል እንበል። ጦጦች ከእግሩ ሥር ይተራመሳሉ። አባት ዳቦ ገዝቶ ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁም ለጦጣ ከሰጠ በኋላ ቀና ብሎ፦ አባዬ፤ ለዚህኛውስ አይደርሰውም? ይላል። አባትም በቅን ልብ ለጉሬዛው ደግሞ ዳቦና ሙዝ ያቀብለዋል። ጉሬዛው የመጀመሪያ ቀን ይሸሻል፤ በኋላ ይቀምሳል፤ ከዚያም ይለምዳል።

ይህ ቸርነት ምን እንደሚያደርግ ከገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። በሬ ሌሊት ገመዱን በጥሶ ከጐተራ ገብቶ ስንዴ ወይም ገብስ እስኪጠግብ ቢበላ፤ ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ይገኛል፤ ቶሎ ካልደረሱለትም ይሞታል። እህሉ መርዝ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት ምግብ ነው። ነገር ግን ለቅጠልና ለሣር በተዘጋጀ ሆድ ውስጥ እህል በአንድ ጊዜ ሲገባ በፍጥነት ይብላላል፤ ጨጓራው ይኮመጥጣል፤ ቅጠሉን የሚያብላሉት ተሐዋስያን ያልቃሉ። የጉሬዛም ሆድ እንደዚሁ ነው። ዳቦ፤ ብስኩት፤ ከረሜላ፤ የበሰለ ጣፋጭ ፍሬ በብዛት ሲሰጠው የሚጐዳው በዚህ ምክንያት ነው። ጦጣ ያንኑ ዳቦ በልቶ ሲዘል ስለሚታይ ሰው በጉሬዛው ላይ የሚደርሰውን አይጠረጥርም፤ ሁለቱ በአንድ ዛፍ ላይ ይቀመጡ እንጂ ሆዳቸው አንድ አይደለም። ከምግቡም ሌላ በእጅ መቀባበል የሰውን በሽታ ለእንስሳው፤ የእንስሳውን ለሰው ያስተላልፋል። ደግሞም ለዳቦ ሲል ከዛፍ መውረድ የለመደ ጉሬዛ የመኪናን መንገድ ይለምዳል። ልጁ ጥያቄውን ሲጠይቅ አባት የበሬውን ነገር ቢነግረው ይበቃዋል፤ ልጁም በሬ ያውቃል።

ሁለተኛው ነገር ዛፍ ነው። ለጉሬዛ ሾላውና ዋርካው ማዕዱ ብቻ አይደለም፤ መኝታውም መንገዱም ነው። ከተማ ሲሰፋ በሐይቁ ዳርና በየመንገዱ ያለ አሮጌ ዛፍ ለቤት፤ ለሆቴል፤ ለማገዶ ይፈለጋል። ከአሥር ዛፍ መካከል አንዱ ሲቈረጥ ለሰው ዘጠኝ ቀረ ማለት ነው፤ ለጉሬዛ ግን የተቈረጠው በመካከል ያለው እንደ ሆነ ድልድዩ ፈረሰ፤ መንጋውም ከሁለት ተከፈለ ማለት ነው። የተራራው ደን መመንጠርም ለሐይቁ አይበጅም፤ ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ የነበረው ጨለለቃ ሐይቅ ዛሬ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሆኗል።

በኬንያ ጠረፍ ዲያኒ በሚባል ስፍራ የዚሁ የኮሎቡስ ወገን ሌላ ዓይነት ይኖራል። በመካከሉ የመኪና መንገድ ስለ ወጣ ብዙ እንስሶች በመኪና ይሞቱ ነበር። በ1997 የተቋቋመ አንድ የጥበቃ ማኅበር በመንገዱ በላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ የገመድ መሰላል ዘረጋ፤ እንስሶቹም በእርሱ መሻገር ለመዱ። ዋጋው ከባድ አይደለም። ከእርሱም የሚቀለው በተቈረጠው ዛፍ ቦታ ሾላ ወይም ዋርካ መትከል ነው፤ ነገር ግን ሾላ ለጉሬዛ የሚሆን ቅርንጫፍ እስኪያወጣ ዛሬ ፊደል የሚቈጥረው ልጅ ጐልማሳ ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን የጉሬዛ ጠላት የቁርበቱ ውበት ነበር። በፈረንጅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኤውሮጳ የሴቶች ልብስ በጉሬዛ ጠጕር እንዲያጌጥ ፋሽን ስለ ሆነ እጅግ ብዙ ቁርበት ከአፍሪካ ወጣ፤ በአገር ቤትም ለምንጣፍ እየተሰፋ ለጐብኚ ይሸጥ ነበር። ያ ፈላጊ ዛሬ የለም ለማለት ያስደፍራል። የአሁኑ ጠላት ግን መጥረቢያ ይዞ ወይም ዳቦ ይዞ የሚመጣ፤ ክፉ ሐሳብ የሌለው ሰው ስለ ሆነ ለመቈጣጠር ይበልጥ ያስቸግራል።

በሐዋሳና ጉሬዛ ባለበት መንደር ሁሉ ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይዘው ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ዛፉ ቢሄዱ የአውራዎቹን ድምፅ ቈጥረው ስንት መንጋ እንዳለ ማወቅ ይችላሉ። ፀሐይ ሲሞቁ ደግሞ የእያንዳንዱ መንጋ ቍጥር በጅራቱ ይቈጠራል፤ በቀትር ቅጠል ስለሚሸፍናቸው አይሆንም። ሽማግሌው በልጅነቱ የነበሩትን ዛፎች እየጠራ የትኛው ከየት ቆሞ እንደ ነበረ ይንገራቸው፤ ልጆቹም በደብተራቸው ይጻፉት። ነጭ ግልገል የሚታየው ሦስት ወር ያህል ብቻ ስለ ሆነ በዓመት አራት ጊዜ የሄደ ትምህርት ቤት የተወለደው እምብዛም አያመልጠውም። ለቈጠራው የሚያስፈልገው ደብተር፤ እርሳስና የጠዋት ብርድ የሚከላከል ጋቢ ነው፤ ዳቦ ግን ለተማሪዎቹ ቍርስ የሚሆን ብቻ፤ እርሱም ከዛፉ ርቆ የሚበላ።